ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ የአውሮፓን ሥነ ጥበብ ተምሮ የራሱን ቀለም ያገኘ ሠዓሊ

በሪንከቢ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በየማለዳው የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ባቡሩ የሚመጣበትን ደቂቃ በሚቆጥረው ሰሌዳ ላይ ነው። ቀና ብሎ ቢያይ ግን ከዐለት በተፈለፈለው ግድግዳ ላይ በወርቃማ ሞዛይክ የተሠሩ ምስሎችን ያገኛል። የስዊድናዊው ሠዓሊ የኒሰ ሴተርበሪ ሥራዎች ናቸው። ጣቢያው በተከፈተበት በ1975 የተሠሩ ሲሆን መነሻቸውም በዚሁ አካባቢ በቁፋሮ የተገኙ የቫይኪንግ ዘመን ቅርሶች ናቸው።

ሪንከቢ ከአፍሪካ ቀንድና ከሌሎች ብዙ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩባት የስቶክሆልም ሰፈር ናት። የከተማዋ ታላላቅ ሙዚየሞች ከዚህ በባቡር ሩቅ አይደሉም። ሆኖም ለብዙ ስደተኛ ሙዚየም የሌላ ሰው ሳሎን ይመስላል፤ ተጋብዞ ካልሆነ የማይገባበት፣ ከገባም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፈጥኖ የሚወጣበት ቤት። በትምህርት ቤት ስለ ሬምብራንትና ስለ ፒካሶ የሚማር ልጅም ቤቱ ሲመለስ በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአገር ቤት ሥዕል ጋር የተማረውን የሚያገናኝ ክር የሚያሳየው ሰው ላያገኝ ይችላል። የአውሮፓ ሥነ ጥበብ ታሪክ የእኛም ነው ወይስ የእነሱ ብቻ? ማድነቁስ የራስን መርሳት ይሆን?

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። ከስድሳ ዓመታት በፊት በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ሥዕል የተማረ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከጥያቄዎቹ ጋር ኖሯል፤ ወደ አገሩ ሲመለስም በአደባባይ ተጠይቆባቸዋል። ይህ ሰው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብራና ቤት ልጅ

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰሉ፣ በብራና ጽሕፈትና በሥዕል እጃቸው የተፈታ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ሥዕልን መጀመሪያ ያወቀው ከሙዚየም ወይም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ እጅ ነው። ቆዳው ተፍቆ ብራና ሲሆን፣ ቀለሙ ተበጥብጦ ብርዑ ሲነከር፣ ጥቁሩና ቀዩ መስመር በየተራው ሲወርድ እያየ አደገ።

ይህ ቀላል መነሻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን ሆኖ ይታያል። ትልቅ ሆኖ የሚሣለው በማዕረግ የከበረው እንጂ ለተመልካቹ የቀረበው አይደለም። ሰማዩ ሰማያዊ መሆን የለበትም፤ ቢጫና ቀይም ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ዓይን ያየውን አይገለብጥም፤ ልብ የሚያምነውን ያስነብባል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ ኋላ ላይ በአውሮፓ ያገኘው ረቂቅ ሥዕል ብዙ አውሮፓውያንን ያደናገራቸውን ያህል ያላደናገረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይህ መነሻ ይረዳል።

ወጣቱ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዘመኑ በታወቁ ትምህርት ቤቶች ተማረ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ የጀመረው ከሥዕል ጋር የማይገናኝ ትምህርት ነበር፤ አልገፋበትም፣ አቋረጠው። በዚያ ዘመን የከፍተኛ ትምህርትን በር አግኝቶ መመለስ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። አገሪቱ መሐንዲስ፣ ሐኪምና የእርሻ ባለሙያ ትፈልግ ነበር፤ ሥዕል በብዙዎች ዘንድ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወይም የትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ ሙያ ተብሎ አይቆጠርም ነበር።

በእርግጥ መንገዱን ከእሱ በፊት የጀመሩት ነበሩ። ኋላ ላይ በልብ ወለድ ደራሲነቱ የታወቀው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጣሊያን ሥዕል ተምሯል። አገኘሁ እንግዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመልሷል። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ቺካጎ ተምሮ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥርቷል። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በለንደን ተምሮ በ1950ዎቹ ስሙ ገንኖ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ተራው ደርሶ በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘና ወደ ምዕራብ ጀርመን አቀና።

ከፍርስራሽ የተነሣች ከተማ

ገብረ ክርስቶስ የደረሰባት ኮሎኝ ከጦርነቱ ቁስል ገና ያላገገመች ከተማ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐሏ በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ ነበር፤ ታላቁ ካቴድራል ግን ቆስሎም ቢሆን አልወደቀም። በዙሪያው ከፍርስራሽ ላይ አዲስ ከተማ ይገነባ ነበር።

በዚያ ዘመን በኮሎኝ የሥዕል ተማሪ መሆን ትልቅ ዕድል ነበር፤ ምክንያቱም የአውሮፓ ሥዕል ታሪክ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ ትናንትናው ቀን ድረስ በአንዲት ከተማ ተሰብስቦ ይገኝ ነበር። የቫልራፍ ሪሃርትስ ሙዚየም አዲሱ ሕንፃ በሩን የከፈተው በዚያው በ1957 ነው። በአንደኛው ክፍል በ15ኛው ክፍለ ዘመን በኮሎኝ የኖረው ሽቴፋን ሎህነር የሣላት፣ በጽጌረዳ አፀድ ውስጥ የተቀመጠችው ማርያም አለች። ሰማይዋ ወርቅ ነው፤ መላእክቱ ጥቃቅን፣ እሷ ግን ትልቅ ናት። ከብራና ቤት ለመጣ ሰው ይህ ሥዕል እንግዳ ሊሆን አይችልም። ሎህነር በኮሎኝ በሚሥልበት ዘመን በኢትዮጵያ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነግሠው ነበር፤ በጣና ደሴቶች ገዳማትም ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ እመቤታችንን ከነልጇ፣ መላእክት በግራና በቀኝ ቆመው ይሥል ነበር። ሁለቱ ሠዓሊዎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው ለአንድ ዓይነት ጸሎት የሚሆን ምስል ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ የቅርቡ ዘመን ሥራዎች ተሰቅለው ነበር። ዮዜፍ ሃውብሪሽ የተባለ የኮሎኝ ጠበቃ በናዚዎች ዘመን ያሰባሰባቸውንና ያቆያቸውን የጀርመን ኤክስፕረሽኒስቶች ሥዕሎች በ1946 ለከተማዋ በስጦታ አስረክቦ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች የተረፉ ሥዕሎች ነበሩ። የናዚ መንግሥት በ1937 በሙኒክ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ዘመናዊውን ሥዕል የተበላሸ ጥበብ ብሎ በአደባባይ አዋርዶት ነበር። ከየሙዚየሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ተወሰዱ፤ ሠዓሊዎች ከማስተማር ታገዱ፤ አንዳንዶቹ ተሰደዱ፤ የዚህ ስልት ዋና መሪ የነበረው ኧርንስት ሉድቪሽ ኪርሽነር በ1938 በገዛ እጁ ሞተ።

ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ በጀርመን የተማረው ጥበብ የድሎት ጥበብ አልነበረም። ደማቁ ቀለምና የተሰበረው መስመር የሰውን ጭንቀት፣ ፍርሃትና ነፃነት የሚናገሩ ነበሩ፤ በዚያ መንገድ በመናገራቸውም ዋጋ ተከፍሎባቸዋል። አንድ መንግሥት ሠዓሊ ምን መሣል እንዳለበት ሲወስን ምን እንደሚከተል በግድግዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ይህ ትምህርት ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ ስም ተመልሶ እንደሚጠብቀው በዚያን ጊዜ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ከሥዕለ ቅዱሳን እስከ ረቂቅ ሥዕል

የአውሮፓን ሥዕል ታሪክ ማንበብ ለሚጀምር ሰው ትልቁ እንቅፋት በመካከሉ የሚያጋጥመው ድንገተኛ መታጠፊያ ነው። ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ሠዓሊዎች ዓለምን ዓይን እንደሚያያት አድርገው ለመሣል ሲጥሩ ኖሩ፤ ጥላውን፣ ርቀቱን፣ የቆዳውን ልስላሴ ተካኑበት። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶግራፍ መጣ። የዓይንን ሥራ መሣሪያ ሲሠራው ሠዓሊው ለምን እሥላለሁ ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ከዚህ ጥያቄ የወጡት ናቸው የብርሃንን ቅጽበት ያሳደዱት ኢምፕረሽኒስቶች፣ ቀለምን ከስሜቱ ጋር ያሰረው ቫን ጎግ፣ በመጨረሻም የሚታወቅ ነገርን ጨርሰው የተዉት የረቂቅ ሥዕል ጀማሪዎች።

ከእነዚህ ጀማሪዎች ዋነኛው ሩሲያዊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ እንኳ ይህን ማየት መማር ነበረበት። በወጣትነቱ ሞስኮ ውስጥ የክሎድ ሞኔን የድርቆሽ ክምር ሥዕል ሲያይ ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ ያወቀው ከዐውደ ርእዩ መዘርዝር አንብቦ ነው። መጀመሪያ ተናደደ፤ ኋላ ግን ሥዕሉ ከአእምሮው አልጠፋ ሲለው የሚሣለው ነገር የግድ መታወቅ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። አንድ ሥዕል አልገባኝም ብሎ የሚያፍር ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ይበጀዋል፤ አለመረዳት የመማር መጀመሪያ እንጂ የድንቁርና ማስረጃ አይደለም።

ካንዲንስኪ የረቂቅ ሥዕልን መንገድ ሲፈልግ ከጠጣባቸው ምንጮች አንዱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕለ ቅዱሳን ነበር። ሌላው ሩሲያዊ ካዚሚር ማሌቪችም በ1915 በፔትሮግራድ ጥቁሩን አራት ማዕዘን ለሕዝብ ሲያሳይ የሰቀለው በክፍሉ ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። ያ ቦታ በሩሲያ ቤቶች ሥዕለ ቅዱሳን የሚቀመጥበት ነው። የጀርመን ኤክስፕረሽኒስቶችም በድሬስደን ሙዚየም የተመለከቷቸውን የአፍሪካና የፓስፊክ ደሴቶች ቅርጻ ቅርጾች እንደ መምህር ቆጥረዋቸዋል፤ ፒካሶ በፓሪስ ለአፍሪካ ጭምብሎች ያለበት ዕዳ ደግሞ በስፋት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ ያገኘው ዘመናዊ ሥዕል ከአውሮፓ አፈር ብቻ የበቀለ አልነበረም። በከፊል ከሥዕለ ቅዱሳን ቤት ወጥቶ፣ በከፊል ከአፍሪካ ተበድሮ፣ በረጅም መንገድ ዞሮ የመጣ ነበር። የአለቃ ደስታ ልጅ ከኮሎኝ ሠዓሊዎች ጋር ሲገናኝ ባዶ እጁን አልነበረም።

በትምህርቱም ጎበዝ ነበር። ከክፍሉ ብልጫ አግኝቶ የራሱ የሥራ ክፍል ተሰጠው፤ ሥራዎቹንም በኮሎኝ የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ አሳየ። ትምህርቱን እንደጨረሰ በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ተዘዋውሮ ሙዚየሞችን ጎበኘ። ከዚያም በ1962 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

የተማረው ልጅ ሲመለስ

በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ሲያሳይ ተመልካቹ ሁለት ሆኖ ተከፈለ። ወጣቶችና የተማሩ ጥቂቶች አዲስ ነገር መጣ ብለው ተደሰቱ። ሌሎች ግን ከሸራው ላይ የሚያውቁትን ሰው፣ ቤት ወይም ተራራ ፈልገው ሲያጡ ቅር ተሰኙ። ይህ ከጀርመን የተቀዳ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያዊነቱ የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በመጽሔትም በቡና ቤትም ይነሣ ጀመር።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ የራሱን መንገድ በሚፈልግበት ዘመን፣ ከውጭ የተማረ ሰው ያመጣውን ሁሉ መፈተሽ ተገቢ ነበር። የገብረ ክርስቶስ መልስ ግን ጸንቶ የቆመ ነበር። ሥነ ጥበብ የሰው ልጆች ሁሉ ሀብት ነው፤ የዘመኑን ቋንቋ የተማረ ሠዓሊ በዚያ ቋንቋ የራሱን ነገር ይናገራል እንጂ የሌላውን አይደግምም የሚል ነበር አቋሙ። ኢትዮጵያዊነት በጎጆና በአገልግል ምስል ብቻ የሚለካ ከሆነ ሠዓሊው የቱሪስት ዕቃ ሠሪ ሆኖ ይቀራል።

ሥራዎቹ ራሳቸው ለዚህ አቋም ምስክር ሆነዋል። የአዲስ አበባን ጫማ አሳማሪ ልጆች፣ ለማኞችንና ድሃ ሰፈሮችን ሥሏል፤ በዘመኑ በሥዕል ለመታየት ያልበቁ ሰዎች ነበሩ። በ1963 የሠራው ጎልጎታ ደግሞ ሁለቱ ቤቶቹ የተገናኙበት ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። ርእሱ አባቱ በብራና ላይ በተለመደው ሥርዐት ሊሥሉት የሚችሉት የስቅለት ታሪክ ነው። አሣሣሉ ግን በኮሎኝ የተማረው ነው፤ ታሪኩን የሚናገሩት የሰዎቹ ፊት ዝርዝርና አለባበስ ሳይሆኑ ቀለሙና የብሩሹ ኃይል ናቸው። ምእመን ለሆነ ተመልካች ሥዕሉ መከራውን ያሳያል፤ ምእመን ላልሆነም የተሠቃየ ሰው ሥጋ ይሆንበታል።

ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ለሚያይ ሰው የተቺዎቹ ሥጋት ታሪካዊ መሠረቱ ጠባብ ነበር። የአውሮፓ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በገብረ ክርስቶስ አይደለምና። የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ለነገሥታቱ እየሣለ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። በሮም በሚገኘው የቅድስት ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት መጥቶ፣ እጆቿን አጣምራ ልጇን የታቀፈችው ማርያም በኢትዮጵያ ከሁሉ የላቀ ተወዳጅነት ያገኘች ምስል ሆናለች። ነገሥታቱ ከፍ ያለ ክብር ይሰጡት የነበረውና በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ኲርዓተ ርእሱም በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች የመጣላቸውን ተቀብለው፣ ዓይኑን አግዝፈው፣ መስመሩን አጥርተው፣ ቀለሙን ለውጠው የራሳቸው አድርገውታል። ገብረ ክርስቶስ የሠራው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት መሥራቱ ነው።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ሽልማቱ ክርክሩን ባይዘጋውም የአዲሱን መንገድ ክብር በይፋ አጸና። በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሁለቱ በስልት ተለያይተው፣ በዓላማ ግን ተቀራርበው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥዕል መሠረት ጣሉ።

መምህርና ገጣሚ

ገብረ ክርስቶስ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአሥር ዓመታት በላይ አስተማረ። ኋላ ላይ በዓለም የታወቁት እንደ ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ያሉ ሠዓሊዎች በትምህርት ቤቱ ያለፉት እሱ በሚያስተምርበት ዘመን ነው። የእነዚህን ሠዓሊዎች ሥራ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አንዳቸውም የመምህራቸውን እጅ አልገለበጡም። አንዱ ከጥልፍልፍ ጥንታዊ ምልክቶች፣ ሌላው ከግእዝ ፊደል ቅርጽ ተነሥተው የየራሳቸውን ዓለም ሠርተዋል። ጥሩ መምህር የሚተወው ቅርስ እንዲህ ያለ ነው።

በሥዕል ብቻ አልተወሰነም። የአማርኛን ግጥም ከተለመደው ቤት አመታት አላቆ በነፃ ስንኝ የጻፈ፣ ለዘመናዊው ግጥም በር ከከፈቱት ባለቅኔዎች አንዱ ነው። ሀገሬ የተሰኘው ግጥሙ በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ዛሬም በየመድረኩ ይነበባል። ቃሉን ሳንጠቅስ ፍሬ ነገሩን ብንናገር፣ ግጥሙ ከአገር መራቅ ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። በግጥሙ ውስጥም እንደ ሥዕሉ ሁሉ ቀለምና ብርሃን ዋነኞቹ ተናጋሪዎች ናቸው። ሥራዎቹ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት እሱ ከሞተ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ

በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአብዮት ወደቀ። ለድሆች ቅርብ የነበረው ሠዓሊ ለውጡን በጥላቻ አልተቀበለውም። ዘመኑ ግን በፍጥነት ጨለመ። ወታደራዊው መንግሥት ሥነ ጥበብን የቅስቀሳ መሣሪያ አድርጎ ተመለከተ፤ ከሠዓሊው የሚፈለገው የመሪዎች ምስልና ሠርቶ አደሩን የሚያጀግን ፖስተር ሆነ። በየመንገዱ ደም በሚፈስበት በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ዝምታም ሆነ ንግግር አደገኛ ነበር። ረቂቅ ሥዕል የሚሥል ሰው ለማን እንደሚሥል ቢጠየቅ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቆ ወጣ። በወጣትነቱ በነፃ ትምህርት ዕድል የሄደባትን ጀርመን በጎልማሳነቱ በስደተኛነት አያት። ይህ ልዩነት የሪንከቢ ነዋሪ በቀላሉ የሚረዳው ነው። ለተማሪ የሌላ አገር ሙዚየም ትምህርት ቤት ነው፤ የሚመለስበት ቤት አለውና የሚያየውን ሁሉ ለዚያ ቤት ይሰበስባል። ለስደተኛ ግን ያው ሕንፃ፣ ያው ሥዕል የራቀውን ያስታውሰዋል።

ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ብዙም አልቆየም፤ በ1981 በኦክላሆማ ግዛት ላውተን በተባለች ከተማ ሞተ። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሐረርም ከአዲስ አበባም ከኮሎኝም ርቆ፣ ሥዕሎቹን ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያውቁበት አገር ተቀበረ። በአገሩም ቢሆን በዚያን ጊዜ ለአንድ የተሰደደ ሠዓሊ በይፋ የሚያለቅስ ተቋም አልነበረም።

ሥዕሎቹ ቤታቸው ሲገቡ

ታሪኩ ግን በላውተን አላበቃም። ጀርመን ውስጥ የቀሩ በርካታ ሥራዎቹ በሙኒክ ሙዚየም ተጠብቀው ቆይተው ነበር። ሙኒክ ማለት ናዚዎች በ1937 ዘመናዊውን ሥዕል ያዋረዱባት ያችው ከተማ ናት። ከብዙ ጥረት በኋላ ሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በ2008ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጀርመን የባህል ተቋም ከጎተ ጋር በተደረገ ትብብር፣ በስሙ የተሰየመው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ስለሄዱ ቅርሶች ብዙ ይነገራል። በዚህ ጊዜ ግን መንገዱ ወደ ቤት ነበር፤ የአውሮፓን ጥበብ ተምሮ የተመለሰው ሰው ሁለተኛ ተመለሰ።

ከሪንከቢ ሲታይ

የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለሪንከቢ ነዋሪ የሚያስተምረው ተግባራዊ ነገር አለ። የአውሮፓን ሥነ ጥበብ ታሪክ ማድነቅን ለመማር ከሚያውቁት መጀመር ይቻላል። ከሪንከቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በቴንስታ አጠገብ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራው የስፖንጋ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በግድግዳው ላይ የዚያ ዘመን ሥዕሎች ይታያሉ። ከከተማዋ በስተሰሜን በቴቢ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አልበርቱስ ፒክቶር የሣለው፣ ሞት ከሰው ጋር ቼዝ ሲጫወት የሚያሳየው ሥዕል ይገኛል። በላሊበላ፣ በጣና ወይም በደብረ ብርሃን ሥላሴ በሥዕል የተሞላ መቅደስ ያየ ሰው እነዚህን ግድግዳዎች ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ በሥዕል የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው፤ የእኛዎቹም እንዲሁ።

ከዚያ ወደ ሼፕስሆልመን ደሴት፣ ወደ ሞደርና ሙዚየም መሻገር ነው። እዚያ ካንዲንስኪ ከረቂቅ ሥዕል ደጃፍ ላይ ሆኖ የሠራው ሥራ አለ። ሠዓሊው ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስቶክሆልም ቆይቶ በ1916 ሥራዎቹን በዚህች ከተማ አሳይቷል። እዚሁ ስቶክሆልም የተማረችው ሂልማ አፍ ክሊንትም ረቂቅ ሥዕሎቿን የጀመረችው በ1906 ነበር፤ ዓለም ግን ታላቅነቷን ያወቀው ከሞተች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዘግይቶ መታወቅ የስደተኞች ብቻ ዕጣ አይደለም።

ልጅን ይዞ ለሚሄድ ወላጅ አንድ ክፍል ለአንድ ቀን ይበቃል። አንድ ሥዕል መርጦ አምስት ደቂቃ መቆም፣ ምን ይመስላል ከማለት በፊት ምን ይሰማሃል ብሎ መጠየቅ፣ በመጨረሻም በቤታችን ካለው ሥዕል በምን ይለያል፣ በምን ይመሳሰላል ማለት። ልጁ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ሁለቱንም የራሱ ያደርጋቸዋል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከአባቱ ብራና ተነሥቶ ወደ ኮሎኝ ሲሄድ የያዘው ዓይን የሐረር ዓይን ነበር፤ ሲመለስም ያንኑ ዓይን አሠልጥኖ ተመለሰ። በመጪው ክረምት ለዕረፍት አዲስ አበባ የሚገቡ የሪንከቢ ቤተሰቦች ከዘመድ ጥየቃው መካከል ግማሽ ቀን ቢያተርፉ ሥራዎቹን በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ሊያዩ ይችላሉ። በሞደርና ሙዚየም ከካንዲንስኪ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ልጅ በዚያ የሚያየው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።